ስለ ትዕማር ዝምታ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ በ13ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ የዳዊት ልጅ ትዕማር በወንድሟ በአምኖን በተደፈረች ጊዜ ዝም አላለችም፤ ልብሷን ቀድዳ፥ አመድ በራሷ ነስንሳ፥ እየጮኸች ሄደች። ዝም ያሰኛት የሚወዳት ወንድሟ አቤሴሎም ነው፤ በዳይዋ የሥጋ ዘመድ ነውና። አባቷ ዳዊትም ሰምቶ ተቈጣ እንጂ አልፈረደም። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው፤ ትዕማር ግን በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ቀርታ ነበርና፥ በዚህ ደም ዳነች የሚል አልተጻፈም። እንግዲህ በልጅነቱ የተደፈረ ሰው ዝም እንዲል የሚመከረው ለማን ክብር ነው?

ይህ ጥያቄ ለወልድያና ለመርሳ፥ ለሀብሩም ገጠር ሩቅ አይደለም። አገሩ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በጦርነት ተይዞ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቈየ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በአማራና በአፋር ክልሎች በሴቶች ላይ የደረሰውን መደፈር ጽፎአል። ያን መናገር እጅግ ቢከብድም ይቻላል፤ ደፋሪው ባዕድ ነውና። ደፋሪው አጎት ወይም አስተማሪ፥ ለመናገር ቢያሳፍርም ካህን በሆነ ጊዜ ግን ቤቱ ሁሉ አቤሴሎም ይሆናል። ሕፃኑም ሆዴን አመመኝ፥ ከዚያ ቤት አልሄድም ይላል፤ ሰሙን ብቻ የሰማ ወላጅ የሆድ መድኃኒት ያጠጣዋል፥ ካልሆነም ይገርፈዋል።

ከሁሉ የሚከፋው፥ ልጁ አድጎ ምሥጢሩን ለንስሐ አባቱ በተናገረ ጊዜ ቀኖና ሲሰጠው ነው። ቀኖና ለበደለ ነው፤ ይህ ግን የሌላውን ኃጢአት ተሸክሞ የመጣ ነው። ስግደት ቢታዘዝለት፥ በደሉ የእርሱ እንደ ሆነ ተመሰከረበት።

አሜሪካዊቱ የአእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ የመዳንን መንገድ በሦስት ከፍላዋለች፤ አስቀድሞ ከሥጋት መውጣት፥ ቀጥሎ የሆነውን አስታውሶ ማልቀስ፥ ከዚያም ወደ ሰዎች መመለስ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ ደፋሪው በዚያው ግቢ እያደረ ልጅቱን ተናገሪ ማለት ቁስል መነካካት ነው። ከሥጋት ከወጣች በኋላ ግን፥ በቻለችው መጠን፥ ለሚያምናት ሰው ደጋግማ ስትተርከው፥ ታሪኩ እርስዋን መግዛቱ ቀርቶ እርስዋ ታሪኩን ትይዘዋለች። ጸሎትና ጸበልም ይህን አይከለክሉም።

ሽማግሎችስ? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ የተደፈረችው ደፋሪዋን ያገባች እንደ ሆነ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ግን ይህን አስቀርቶ፥ ከ13 ዓመት በታች ያለች ልጅ የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት በጽኑ እሥራት እንዲቀጣ አዝዞአል። ሆኖም በካሣና በመሐላ የሚያልቅ ጉዳይ አልጠፋም፤ በዕርቁም ላይ ካህን መስቀል ይዞ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ወገኖች ሲሳሳሙ ልጅቱ ከጓዳ ሆና ትሰማለች።