የሰንበት መንገድ ያህል

በቋንቋችን «ማረፍ» የሚለው ቃል ሦስት ነገር ተሸክሞ ይኖራል። ሸክሙን አውርዶ ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ መንገደኛ ዐረፈ ይባላል፤ ከሰው ቤት ገብቶ የሰነበተ እንግዳ እዚያ ዐረፈ ይባላል፤ ዘመኑን ፈጽሞ ከዚህ ዓለም ድካም የተለየ ሰውም ዐረፈ ይባላል። ስለዚህ ዕድሜው ከሰባ ያለፈ ሰው ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ «የት ከተማ እንረፍ?» ብሎ ሲመክር፣ የአልጋና የምግብ ነገር የተናገረ እየመሰለው ሳያስበው የነፍስን ጥያቄ ያነሣል፤ አፉ የተናገረው ሁለተኛውን ትርጉም ቢሆንም ልቡ ሦስተኛውን ሳይሰማ አይቀርምና።

እኔና ባለቤቴ ይህ ምክር የገጠመን በ2005 ዓ.ም. ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ክረምቱ ተገፍቶ ምድር አደይ አበባ በለበሰችበት ወራት፣ ዐሥር ቀን በሐይቅ ዳር ለመቀመጥ አሰብን፤ እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እርስዋ ከእኔ በሦስት ዓመት ታንሳለች፤ ጉልበትዋ ግን ከእኔ ጉልበት ቀድሞ አርጅቷል። ልጆቻችን ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀውን ቢሾፍቱን መረጡልን፤ ነገር ግን የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በቈፈረው ጕድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸውና ከአፋፉ ሆኖ ማየት እንጂ ወርዶ መመለስ ለደካማ ጉልበት አይመችም። ሐዋሳ በሜዳነትዋም በሐይቅ ዳር መንገድዋም የምትመሰገን ነበረች፤ እኛ ግን ከውሃው ጋር የጥንት ገዳማትን ደወል ፈልገን ነበርና ልባችን ወደ ጣና አዘነበለ። ጣናን ከመረጥን በኋላ የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ባሕር ዳር እንረፍ ወይስ ጎርጎራ?

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም የሆነ፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም የማያልፍ ውሃ ነው። በደቡብ ጫፉ፣ ዐባይ ከሐይቁ ተለይቶ ጉዞውን በሚጀምርበት ስፍራ፣ ባሕር ዳር ተቀምጣለች፤ በሰሜን ጫፉ ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው ምዕት ዓመት የተቀመጡባት፣ ደብረ ሲና ማርያም የምትገኝባት ጎርጎራ አለች። አንዲቱ ገበያና የአውሮፕላን ጣቢያ ያላት ከተማ ናት፤ ሁለተኛይቱ መንደር ናት፤ ሀብትዋም ጸጥታና የወፍ ድምፅ ነው።

አንድ ባልንጀራ አለኝ፤ በልጅነታችን ቅኔ ቤት አብረን የለመንን፣ ዛሬም ቢሆን በነገር ሲይዘኝ የማይለቀኝ ሰው ነው። አሳባችንን ነግሬው ወደ ባሕር ዳር ማድላቴን ባየ ጊዜ እንዲህ አለኝ፦ «ለመሆኑ የምትሄደው ለምንድን ነው? ጸጥታ ፍለጋ ከሆነ ጸጥታ ያለችው ጎርጎራ ናት። ሐኪም ቤት ይቅረበኝ ብለህ ከተማ የምትመርጥ ከሆነ ግን ሰባ ዓመት የጠበቀህን አምላክ ለዐሥር ቀን መጠርጠርህ ነው።»

ይህ ቃል ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። በአባቶቻችን ልማድ አረጋዊ ሰው ሀብቱን ለልጆቹ አውርሶ፣ መቋሚያውን ይዞ ወደ ገዳም ይሄድ ነበር እንጂ ከማደሪያው እስከ ሐኪም ቤት ያለውን ርቀት አይለካም ነበርና፣ የባልንጀራዬ ተግሣጽ ከእርሱ አፍ ብቻ ሳይሆን ከእነርሱም መቃብር የወጣ መሰለኝ። እንግዲህ የከተማ ምርጫ የነበረው ነገር የሃይማኖት ጥያቄ ሆነብኝ፤ አማኝ የሆነ አረጋዊ ማደሪያውን በጥንቃቄ መምረጡ የእምነት ጕድለት ነውን?

ቈይቼ ስመረምረው ግን ባልንጀራዬ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠርቷቸው አገኘሁ፤ እምነትንና ድፍረትን። ጌታችንን በቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ወደ ታች ይወረወር ዘንድ የመከረው ፈታኝ የእግዚአብሔርን ጥበቃ አልካደም፤ ይልቁንም መጽሐፍ ጠቅሶ መላእክት እንደሚጠብቁት አስረዳ፤ የተመለሰለት መልስ ግን አምላክን መፈታተን የማይገባ መሆኑ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ በጥበቃው ማመን አንድ ነገር፣ ጥበቃውን ለመሞከር ወድዶ ከጫፍ ላይ መቆም ግን ሌላ ነገር መሆኑን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቈጥረው መጽሐፈ ሲራክም ሐኪም ሊከበር እንደሚገባው፣ እርሱንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። በጎርጎራ ጸጥታን የሰጠ አምላክ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለሚያክሙት እጆችም ጥበብን የሰጠ እርሱ ነውና፣ የአንዱን ስጦታ ተቀብሎ የሌላውን መናቅ ለሰጪው ክብር አይጨምርለትም።

ከዚህ ይልቅ ልቤን ያሳረፈው ግን የሰንበት ነገር ነው። የሐዋርያት ሥራ ደብረ ዘይት ከኢየሩሳሌም የሰንበት መንገድ ያህል የምትርቅ መሆንዋን ይናገራል፤ የአይሁድ ሊቃውንትም ይህን መንገድ ሁለት ሺህ ክንድ፣ በዛሬው ልክ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብለው ወስነውታል። በእኛም አገር ቀዳሚት ሰንበትን ከእሑድ ጋር ማክበር ብዙ ካከራከረ በኋላ በ15ኛው ምዕት ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጸንቷል። የሁለት ሺህ ክንዱ ሕግ ለወጣት ሰው እስራት ይመስለዋል፤ ነገር ግን እግር ካልተወሰነ ልብ እንደማያርፍ ጠንቅቀው ያወቁ ሰዎች ሕግ ነው። ልኩም የሚቈጠረው ሰንበት ሲገባ ሰውዬው ከሚገኝበት ከተማ ዳርቻ ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ የሚያድርበትን ከተማ የመረጠ ሰው የመንገዱን ሁሉ መጠን አስቀድሞ መርጧል። እርጅናም የሰንበት ዋዜማ ነው፤ በዋዜማው ቀን የት እንደሚያድር አስቦ የሚገሠግሥን ሰው ደግሞ ፈሪ ብሎ የሰደበው የለም።

ይህን በልቤ ይዤ ባሕር ዳርን ለካኋት። ከተማይቱ ሜዳ ናት፤ ዘንባባ በግራና በቀኝ የቆመላቸው መንገዶች አሉአት። ካረፍንበት ቤት ሆነን የጊዮርጊስን ደወል እንሰማ ነበር፤ ጀልባ የሚሳፈሩበት ወደብ፣ ገበያው፣ በውሃው ዳር በዛፎች ሥር የሚያልፈው መንገድ፣ ሁሉም በእግር ተሂዶ በእግር የሚመለሱባቸው ነበሩ። የአዲስ አበባ ከፍታ 2400 ሜትር ያህል ነውና ደረጃ ስወጣ ያጥረኝ የነበረው ትንፋሽ፣ ስድስት መቶ ሜትር ግድም ዝቅ ብዬ ባደርሁ በሦስተኛው ቀን ረዘመልኝ። ወረድ ያለ አገር ግን ያለ ዕዳ አይሰጥም፤ ክረምት ሲወጣ ወባ የምትበረታበት ወቅት ነውና በአጎበር ውስጥ ተኛን፤ ውሃውም ቢልሃርዝያ ስላለበት እግራችንን ሳናስነካ ከዳር ተቀምጠን አየነው።

ጥንቃቄ ከፍርሃት የሚለየው ግን ለማን ተብሎ እንደ ተደረገ ሲታወቅ ነው። ያዕቆብ ከላባ ቤት ሲመለስ፣ ዔሳው አብረን እንጓዝ ባለው ጊዜ፣ ሕፃናቱና ግልገሎቹ በአንድ ቀን ጥድፊያ እንዳያልቁበት ብሎ በእነርሱ እርምጃ መሄድን መረጠ፤ ሱኮትም በደረሰ ጊዜ ለራሱ ቤት፣ ለከብቶቹ ዳስ ሠራ። ሌሊቱን ከመልአክ ጋር ሲታገል ያደረው ያው ሰው ነው፤ በግልገል እርምጃ ለመጓዝ ግን አላፈረም፤ ምናልባትም ከትግሉ በኋላ ራሱ ያነክስ ስለ ነበር የደካማ መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ገብቶት ይሆናል።

ከጣና ገዳማት አንዳንዶቹ፣ እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት፣ ሴት አይገባባቸውም። ዳጋ የቀደሙ ነገሥታት ዐፅም የሚገኝባት ደሴት ናትና ከልጅነቴ ጀምሮ እመኛት ነበር፤ ባለቤቴም «ሄደህ ተሳለም፤ እኔ እጠብቅሃለሁ» አለችኝ። ነገር ግን ዳጋ ከባሕር ዳር በጀልባ ሰዓታት የሚወስድ ሩቅ ስፍራ ናት፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ያ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ፈጥኖ ይናወጣል፤ እኔ የነገሥታቱን ዐፅም ለማየት እርስዋ ቀኑን ሙሉ ከዳር ተቀምጣ ማዕበል ስትቈጥር ልትውል ነው። ስለዚህ በማለዳ ተነሥተን፣ ሁለታችንም ወደምንገባበት፣ በዘጌ ወዳለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ተሻገርን፤ በጀልባ ከአንድ ሰዓት አያልፍም።

ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያደርሰው መንገድ በቡና ደን መካከል የሚያልፍ፣ ድንጋይ የበዛበት ዳገት ነው። እርስዋ አራት ጊዜ ተቀመጠች፤ እኔም አራት ጊዜ ተቀመጥሁ። ብቻዬን ብሆን ፈጥኜ ወጥቼ፣ ሥዕሉን በዐይኔ ገርፌ፣ ፈጥኜ በተመለስሁ ነበር፤ በአራቱ ዕረፍት ግን የቡናው ፍሬ መቅላት መጀመሩን አየሁ፤ ከታች በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው፣ ውሃውን ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ የፈራ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ሲያልፍ አየሁ፤ ባለቤቴም በአርባ አምስት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን ያላነሣችውን የእናትዋን ነገር አጫወተችኝ። መቅደሱን ከበው ያሉትን ሥዕሎች ለማየት ስንደርስ ልባችን ረግቶ ነበርና እያንዳንዱን ቅዱስ በየስሙ እየጠራን ተሳለምን።

ዐሥሩ ቀን ሲፈጸም የሐኪም ቤቱን ደጃፍ ሳንረግጥ ተመለስን። ባልንጀራዬ ይህን ሲሰማ ሣቀና «እንግዲያስ ጎርጎራ ብታርፍ ምን ትሆን ነበር?» አለኝ። ምናልባት ምንም አልሆንም ነበር፤ ነገር ግን ሌሊት ሌሊት የባለቤቴን ትንፋሽ ሳዳምጥ የጎርጎራን ወፎች ሳልሰማቸው በተመለስሁ ነበር። እርሱ ራሱ በዓመቱ ጎርጎራ ሄዶ አምስት ቀን ዐድሮ፣ ደብረ ሲናን ተሳልሞ፣ ፊቱ አብርቶ መጣ፤ አልተሳሳተም። ጉልበቱ ገና ጠንካራ ነው፤ ሚስቱም ካረፈች ዘመን አልፏልና መንገዱን የሚለካው በራሱ እርምጃ ብቻ ነው።

እንግዲህ በዕድሜ እኩዮቼ ለሆናችሁ አንባብያን የምለው ይህ ነው፤ ሐይቅ ዳር ለማረፍ ስታስቡ «ከየት ሆነን ብዙ እናያለን?» በማለት አትጀምሩ፤ «ከሁለታችን ደካማው ከየትኛው ቤት ወጥቶ በእግሩ ይመለሳል?» ብላችሁ ጀምሩ፤ ከተማውንም ይህ ጥያቄ ይምረጥላችሁ። የሚቀርባችሁ ነገር መኖሩን ግን አልሸሽጋችሁም፤ እኔ ዳጋ እስጢፋኖስን እስከ ዛሬ አላየሁም።