በአይጠየፍ ግቢ ለምትደግሱ ልጆች

ልጆቼ፣ ከደሴም ከኮምቦልቻም ተሰባስባችሁ በአይጠየፍ ግቢ ለሕዝቡ በበጎ ፈቃድ ዝግጅት ልታሰናዱ መነሣታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ምከሩን ብላችኋልና የማውቀውን ልንገራችሁ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና ተረቱ ቢበዛባችሁ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ቤቱን እወቁት። የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፤ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው እዚሁ ደሴ ላይ ዘውድ የጫኑት። ቀድሞ ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር፤ ክርስትና የተነሡት በ1870 በቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ ጊዜ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ነው። ሁለቱንም እምነት በአንድ ዕድሜ የኖሩ ሰው ናቸው ያንን የግብር አዳራሽ ያቆሙት፤ ጌታውም ድኻውም ገብቶ ይበላበት ዘንድ። ስለዚህ እኔ ድግሳችሁ ላይ ስመጣ ዓይኔ የሚፈልገው ማን እንደተቀመጠና ማን ደጅ እንደቀረ ነው።

በእኛ አገር ደጋሽ ሁለት ቢላ ያዘጋጃል። የሙስሊሙን ሙስሊም ያርዳል፣ የክርስቲያኑን ክርስቲያን ያርዳል፤ ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ነው። እናቶቻችሁ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። እናንተ ግን «ሁላችንም አንድ ነን» ትሉና ታቀላቅሉት ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። አንድ ሆነን የቆየነው እኮ አንዱ ለሌላው እምነት ተጠንቅቆ ስለሚሰናዳ ነው። ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል። ቀን ስትቆርጡም ሁለቱንም የዘመን መቁጠሪያ ዘርጉ፦ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ዓርብ ቀትር ደግሞ ጁምዓ ነው፤ ረመዳን ከገባ ምሳውን ትታችሁ ከአፍጥር ጋር አገጣጥሙት። ከጨነቃችሁ ሽሮና ምስር ሥሩ፤ ማንም አይቀየምበትም። መንዙማ የሚያወጡ አባቶችን ከጋበዛችሁ ለእነሱ የሚገባውን ሰዓት ስጧቸው። ድምፅ ማጉያው እስኪስተካከል ድረስ ክፍተት መሙያ አታድርጓቸው። ባቲና አምባሰል የሚጫወተው መሰንቆ በራሱ ሰዓት ይምጣ።

ስለ ሥራው ደግሞ፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ሁልጊዜ የማያቸው ሁለት ሦስት ልጆች ናቸው ወንበር የሚሸከሙት፤ ሌላው ቲሸርት ለብሶ ፎቶ ይነሣል። የሸክሙ ልጆች በሁለተኛው ዓመት ይጠፋሉ። ዕድራችሁን ተመልከቱ፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ድንኳን የሚተክለውም በተራ ነው። ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን የሴቶቹ ነገር ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ሽንኩርት የላጡት ልጆች ንግግሩንም ጨዋታውንም ሳያዩ ዕቃ ሲያጥቡ ይመሻሉ። ወንዶቹ እጅጌያችሁን ሰብስቡና ዕቃ እጠቡ። ዕቃ ያጠበ ወንድ የሚጎድልበት ክብር የለም።

ገንዘቡን በመዝገብ ያዙ። ስኳር የሰጠውን ባለሱቅ፣ ዱቄት የሰጠችውን እናት ጻፉ፤ በማግስቱም ሰብሰብ ብላችሁ የገባውንና የወጣውን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባላልና፣ አያያዛችሁ የላላ እንደሆነ ነገ ስማችሁን ለራሱ ጥቅም የሚያውል ይመጣል። ከዕድር የተዋሳችሁትን አግዳሚ ቆጥራችሁ መልሱ።

ስለ ቤቱ ጥንቃቄ ደግሞ፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ይህች ከተማ ብዙ አይታለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ እያሉ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደበደቧት። በ2014 ከጥቅምት ወር አንሥቶ እስከ ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው ሳለ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ፤ ከአባቶች የተቀበልነው ቅርስ ወጥቶ ቀረ። የተረፈውን እኛው በሚስማርና በእሳት አንጨርሰው! ግድግዳው ላይ ባነር አትቸንክሩ፤ በገመድ እንጨት ላይ አስራችሁ ውጭ አቁሙት። ከሰልና ምድጃ ከአዳራሹ ይራቅ፤ ቡናው ሜዳው ላይ ይፈላ። ያለ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አንዲት ድንጋይ አታንሡ። የቤቱን ታሪክ የምታስረዱ ልጆችም ከመጽሐፍና ከሽማግሌ ጠይቃችሁ ተናገሩ፤ የማታውቁት ቢጠየቅ ዝም ማለት ነውር የለውም።

ትንሽ ጀምሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ዘንድሮ ለአንድ ቀበሌ ሕዝብ በቅጡ ካበላችሁና ካጫወታችሁ ይበቃል፤ አብሽሩ።

የኮምቦልቻዎቹን ነገር ደግሞ እንዳትረሱ። እነሱ ሞቅ ካለ አገር ነው የሚመጡ፣ የደሴ ብርድ ይጎዳቸዋል፤ ጋቢ ይዘው እንዲወጡ ንገሯቸው። መንገዳቸው ላይ ባለው ሐረጎ ዳገት ጉም ሳይወርድ በጊዜ አሳፍሯቸው፤ የመመለሻውንም ሒሳብ ከሾፌሩ ጋር ጠዋት ጨርሱ።