ስለ ደፈረሰ ውሃ

ሰው ድፍርስ ውሃ ባየ ጊዜ ሁሉን በአንድ ስም ይጠራዋል፤ ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። በላሊበላ፣ በቤተ ማርያም ቅጽር ከዐለት የተፈለፈለው ኵሬ ብዙ ጊዜ ዐረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ይህም ክብሩን አይቀንሰውም። በክረምት ከላስታ ደጋ የሚወርደው ጐርፍ ደግሞ ቡናማ ነው። ሁለቱን በብርሌ ቀድተው ሳይነኩ ቢያቆዩአቸው ይለያሉ፤ የጐርፉ አፈር ቀስ በቀስ ይዘቅጣል፤ ዐረንጓዴው ግን ሕይወት ያለው አልጌ ነውና ብርሃንና ምግብ እስካገኘ ድረስ ይበዛል እንጂ አይጠራም።

የሰው ልብም እንዲሁ ነው። ድንገተኛ ቍጣ ዝም ቢሉት ይሰክናል፤ ቂምን ግን ዝምታ ያሳድገዋል፤ ምግቡን የሚነሳው በጊዜው መነጋገር ነው። እንግዲህ ትዕግሥት ሁልጊዜ በጎ ነውን? የሚዘቅጠውን የሚያማስል ሰው አደፍራሽ ነው፤ የማይዘቅጠውንም ሳይመረምር የሚጠብቅ ሰው ቸልተኛ ነው እንጂ ታጋሽ አይባልም።