ግድግዳን መሸፈንና ነውርን መሸፈን



ረመዳን ሲቃረብ በከሚሴና በአካባቢዋ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ቀለም ይቀባል። ቤትን ማጽዳት የተወደደ ነው፤ በዚህ ክርክር የለንም። ጥያቄው የሚነሳው ቤቱ ሊከራይ ወይም ሊሸጥ ሲል ነው። የተላጠውን ግድግዳ በአዲስ ቀለም ሸፍኖ ለሌላ ሰው ማስረከብ እንዴት ይታያል? አንዳንድ ወንድሞች «ኢስላም ነውርን ሸፍኑ ብሎን የለምን?» ብለው ይመልሳሉ። ነገሩን በቀልድ ቢናገሩትም መልስ የሚገባው ነው።

ቀለም ያለ ምክንያት አይላጥም። የጨፋ ሸለቆ ቦርከና የሚያርሰው ረግረግ ያለበት ምድር ነው። በጭድና በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ጣሪያው ካፈሰሰ ደግሞ ከላይም ይጠጣል። ውሃው በግድግዳው ገጽ በኩል ሊተን ሲል የዘይት ቀለም መንገዱን ይዘጋበታል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ያብጥና ይላጣል። (አባቶቻችን ይቀቡት የነበረው ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሰው ነበር፤ እኛ የሚያብረቀርቀውን መረጥን።) እርጥበቱ ሳይደርቅ በላዩ የተቀባ ቀለም ተከራዩን እስከሚቀጥለው ክረምት ያቆየው ይሆናል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሲያስገቡ ጣቶቻቸው ረጠቡ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእሳቸው እንዳልሆነ ነገሩት። ልብ በሉ፤ ዝናቡን ያመጣው ሰውየው አይደለም። የተወቀሰው ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች በማድረጉ ነው። የእኛም ግድግዳ እንዲሁ ነው፤ ክረምቱን እኛ አላመጣነውም።

ከብት የምናረባ ሰዎች የሚገባን ሌላም ሐዲሥ አለ። ለገዢ ጡቷ ሞልቶ እንዲታይ ሳይታለቡ ማቆየት ተከልክሏል። የገዛም ሰው እንስሳዋን ሊያስቀር ወይም ሊመልስ ምርጫ ተሰጥቶታል።

ታዲያ ነውርን መሸፈንስ? ሰው የሠራውን ኃጢአት ስንሸፍንለት ተውበት የሚያደርግበት ጊዜ እንሰጠዋለን። ግድግዳ ተውበት አያደርግም። የወንድማችን ገመና ሲሸፈን እሱ ይጠበቃል፤ የግድግዳው ሲሸፈን ግን ኪራይ የሚከፍለው ወንድማችን ይጎዳል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሥራው ሁለት ነው።

በኪራይ ብቻ ልጆቿን የምታሳድግ እናትስ ምን ታድርግ የሚል አይጠፋም። ችግሯ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ግድግዳው እርጥበት እንዳለው ተናግራ ጥቂት ብር ብትቀንስ፣ ተከራዩም አውቆ ቢገባ፣ የምትቀበለው ገንዘብ ጥርጥር የሌለበት ይሆናል። ለራሱና ለእንግዳ ብሎ የሚቀባ ግን በዚህ አይጠየቅም፤ እንግዳ ግድግዳውን አይገዛም።

እሱም ቢሆን ስለ ልጆቹ ያስብ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ1 ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህ ግን ቀድሞ ግድግዳ ላይ ያለውን ቀለም አያነሳውም። አሮጌ ቀለም በደረቁ ሲፋቅ አቧራው የሕፃናትን አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ልጆቹን አርቆ፣ አርጥቦ መፋቅ፣ ፍቅፋቂውንም ሰብስቦ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይገባል።

ቀለም ቀቢውም አለ። ባለቤቱ «ዝም ብለህ በላዩ ቀባ» ሲለው እርጥበቱን በእጁ ያውቀዋል። መጀመሪያ ጣሪያው ይጠገን፣ ግድግዳው ይድረቅ ብሎ ይንገረው። እምቢ ቢለውና ለተከራይ እንደሆነ ካወቀ፣ በእኔ አስተያየት ሥራውን ቢተወው ይሻለዋል፤ የዕለት ገቢው እንደሚቀርበት ባውቅም።