ርካሹ የማን ነው?

የእህቴ ልጅ በስልኩ ፐብጂ ይጫወታል። ሰሞኑን «ጋሼ፣ ዩሲ በግማሽ ዋጋ አገኘሁ!» አለኝ። ዩሲ የጨዋታው ገንዘብ ነው። ሻጩ ሌላ አገር ያለ፣ መልኩን እንኳ የማያውቀው ሰው ነው፤ የይለፍ ቃሉንም ጠይቆታል።

ለመሆኑ ግማሹን ማን ከፈለው? እንዲህ ካለው ርካሽ መሀል በተሰረቀ የባንክ ካርድ የተገዛ አለ። ባለካርዱ አቤት ሲል ዩሲው ይነጠቃል፤ አካውንቱም ሊታገድ ይችላል። ከጨዋታው ከራሱ መደብር መግዛት፣ የይለፍ ቃልንም ለማንም አለመስጠት ይሻላል።

ይህ ግን ብልጠት እንጂ ሥነ ምግባር አይደለም። ባይታገድስ ኖሮ ሊገዛ ነው? እናቱ ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ነው ያሳደገችው። «ካርዱ የእሷ ቢሆንስ?» አልኩት።

ዝም አለ። መርካቶ ስልክ ሲረክስብን «የማን ነው?» እንላለን። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ሲሆንስ መጠየቁን ለምን እንተወዋለን? የሌባ ተቀባይነት በርቀት አይሰረዝም።