ሥራን ስለ መተውና በሥራ ስለ መጽናት

ሰው ከቀኑ የሚበልጠውን ክፍል የሚያሳልፈው በሥራው ላይ ነው። ስለዚህ ሥራዬን ልተው ወይስ ልቈይ የሚለው ጥያቄ የደመወዝ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የጠባይና የኅሊና ጥያቄ ነው እንጂ። ብዙዎች ግን ይህን ነገር የሚቈርጡት በቍጣ ቀን ነው፤ ሌሎችም ከፍርሃት የተነሣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይቈርጡት ይቀራሉ። ሁለቱም ይጐዳሉ። እንግዲህ ጊዜው መድረሱን በምን እናውቃለን?

አስቀድመን ጊዜው ያልደረሰው መቼ እንደ ሆነ እንመልከት። አለቃው ትናንት ስለ ገሠጸው ዛሬ የመልቀቂያ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አለ፤ ነገር ግን ተግሣጹ እውነት ከሆነ ጥፋቱን ወደ አዲሱ ሥራ ይዞት ይሄዳል። ጎረቤቱ የበለጠ ደመወዝ መቀበሉን ሰምቶ የሚነሣም አለ፤ ደመወዙን ሰማ እንጂ ድካሙን አላየም። ደግሞም ሥራ ሁሉ የሚሰለች ክፍል አለው፤ መምህሩ ደብተር ማረም፥ ነጋዴው ሒሳብ መቍጠር ይሰለቸዋል። ስለ መሰልቸት ብቻ የሚለቅ ሰው፥ ከእጅ አይሻል ዶማ እንደ ተባለው፥ ከተወው የማይሻለውን ያገኛል። ስለዚህ ቍጣህ እስኪበርድ ታገሥ፤ ከበረደ በኋላም ነገሩ እንዳለ ቢቈይ ያን ጊዜ ምክንያት ብለህ ልትጠራው ትችላለህ።

በሉቃስ ወንጌል በ3ኛው ምዕራፍ ቀራጮችና ወታደሮች ወደ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው እንደ ጠየቁት እናነባለን። ዮሐንስም ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ በሥራቸው ሳሉ ቅሚያንና ግፍን እንዲተዉ ነገራቸው እንጂ። ከዚህ የምንማረው፥ በሥራው ውስጥ የገባ ክፋትና ሥራው ራሱ የሆነ ክፋት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ይህንም በምሳሌ እንየው። አንድን የመጋዘን ጠባቂ፥ 90 ኩንታል እህል ገብቶ ሳለ 100 ብለህ ጻፍ ቢሉት፥ እምቢ ሊል ይገባዋል። እምቢ ብሎ መቈየት ከተቻለው ይቈይ፤ እርሱ ቢወጣ ብዕሩን የሚይዘው እምቢ የማይለው ሰው ሊሆን ይችላልና። ነገር ግን ሐሰቱ በየቀኑ የሚጠየቅ፥ ደመወዙም ከዚያው ሐሰት የሚከፈል ከሆነ፥ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

የሁለት እንግሊዛውያን ታሪክ ይህን ነገር አጥርቶ ያሳያል፤ ዓመታቱም በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ጆን ኒውተን የሚባለው መርከበኛ በ1748 በባሕር ላይ ታላቅ ማዕበል ባገኘው ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ተመለሰ። ይሁን እንጂ የባሪያ ንግድን አልተወም፤ ይልቁንም ከ1750 እስከ 1754 ድረስ የባሪያ መርከብ አለቃ ሆኖ ሦስት ጊዜ ተጓዘ። ከባሕር ያወጣውም ኅሊናው አልነበረም፤ ሕመም ነበረ። ያን ንግድ በግልጽ የሚቃወም ጽሑፍ ያሳተመው በ1788 ነው። አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል፤ ልማድና ደመወዝ አንድ ላይ ሲሆኑ ጸሎተኛውን ሰው እንኳ ያሳውሩታል። በጨዋ መርከብ አለቃነት የሚቃና ክፋት አልነበረም፤ ክፋቱ ንግዱ ራሱ ነበረና።

በ1785 ደግሞ ዊልያም ዊልበርፎርስ የሚባል የ26 ዓመት የምክር ቤት አባል ወደዚሁ ኒውተን መጥቶ፥ ስለ ነፍሴ ብዬ የመንግሥትን ሥራ ልተው ወይ ሲል ምክር ጠየቀው። ያ ሽማግሌም በቦታው እንዲቈይ መከረው። ዊልበርፎርስም ቈየ፤ ብዙ ጊዜ እየተሸነፈ ደከመ፤ በ1807 የእንግሊዝ ምክር ቤት የባሪያ ንግድን የሚከለክል ሕግ አወጣ። አንዱ ፈጥኖ መውጣት ሲገባው ዘገየ፤ ሁለተኛው ሊወጣ ሲል መጽናቱ ለብዙዎች መዳኛ ሆነ።

ከኅሊና ነገር በቀር ሁለት ምልክቶች አሉ። አንደኛው፥ ሥራህን በሚገባ መሥራት ካቆምህ ነው። ዘግይተህ የምትገባ፥ ባለ ጉዳዩን ነገ ና እያልህ የምትመልስ ከሆነ፥ ደመወዝህ ያልሠራኸው ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ወይ ልቡን ይመልስ፥ ወይ ቦታውን ለሚሠራበት ይልቀቅ። ሁለተኛው፥ ሥራው ጤናህን ወይም ቤትህን የሚያፈርስ ሲሆን ነው። ነገር ግን አስቀድመህ ራስህን ጠይቅ፤ ቅሬታዬን ሊያቃና ለሚችለው ሰው ነግሬዋለሁን? ብዙዎች ለወዳጆቻቸው ሁሉ ያወሩትን ለአለቃቸው ሳይናገሩት ይለቃሉና።

ምናልባት፥ ልጆቼን ማን ያበላልኛል ትል ይሆናል። ይህ ቃል የሚናቅ አይደለም፤ ቤተሰቡን ለረኀብ የሚያጋልጥም ሰው ጽድቅ ሠራሁ ሊል አይችልም። ስለዚህ ጊዜው መድረሱን ባወቅህበት ቀን መንገዱን ማዘጋጀት ጀምር፤ ወጪህን ቀንስ፥ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅም፥ ሌላ ሥራ ፈልግ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ነገር ግን ለመዘጋጀት የምትቈይበትን ቀን ቍረጥ፤ ቀን የሌለው ዝግጅት የፍርሃት መሸሸጊያ ነው። ሰውን በሚገድል ወይም በሚዘርፍ ሥራ ላይ ያለ ግን ቀን አይቍጠር፤ የልጆቹን እንጀራ ከሌላው ልጅ አፍ ነጥቆ ማምጣት አይገባውምና።

አወጣጥህም ያማረ ይሁን። በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156፥ የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ ከ30 ቀን በፊት እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ክብሩን የሚነካ ወይም ወንጀል የሆነ ድርጊት ቢፈጸምበት፥ ለሕይወቱም አስጊ የሆነውን ነገር አሠሪው ሳያስወግድ ቢቀር፥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊወጣ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደርበት ግን ሌላ ሕግ አለ። ሕጉ ከሚጠይቀውም በላይ አድርግ፤ ንብረቱን ቈጥረህ አስረክብ፥ ለሚተካህ ሰው ሥራውን አሳየው፥ የአገልግሎት ምስክር ወረቀትህን ተቀበል፥ በወጣህበት ቤት ላይ ክፉ ወሬ አትዝራ። ትናንት እንጀራ የበላህበት ማዕድ ነውና።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ብቻህን ተቀምጠህ ይህን ጠይቅ፤ ከዚህ ሥራ የምሄደው ከምን ሸሽቼ ነው? የምቈየውስ ምን ፈርቼ ነው? መልሱን በእውነት የሰጠ ሰው ቢወጣም በሰላም ይወጣል፤ ቢቈይም በሰላም ይቈያል።