የሚካደው «ራስ» የትኛው ነው?

በስብከትም ሆነ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ራስን ስለ መካድ ሳናስተምር የምንቆይበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሆኖም የሚካደው «ራስ» ምን እንደ ሆነ ለይተን የምንናገርበት ጊዜ ከዚያም ያነሰ ነው። ትዕቢት ነውን? ፈቃድ ነውን? ወይስ «እኔ» የሚለው ሰው እንዳለ ሊጠፋ ይገባዋል? ይህን ሳንለይ በማስተማራችን ያደረስነውን ጉዳት ለመረዳት እኛ ራሳችን እስከ ዶሎ ኦዶ መውረድ አስፈልጎናል።

እንደሚታወቀው በ2011 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) በደቡብ ሶማልያ ረኃብ መግባቱ በይፋ ሲታወጅ ብዙ ሕዝብ ድንበር አቋርጦ ወደ ዶሎ ኦዶ ገባ። በ2009 እና በ2010 ከተከፈቱት ከቦቆልማዮና ከመልካዲዳ መጠለያዎች ሌላ በዚያው ዓመት ቆቤ፣ ሂለዌይንና ቡራሚኖ ተጨመሩ። ከመጡት ብዙዎቹ ከብታቸውና ግመላቸው ያለቀባቸው አርብቶ አደሮች ነበሩ።

ከእነዚህ መጠለያዎች በአንዱ የመኝታ ምንጣፍ ስናድል አንድ ሽማግሌ ተራቸው ደረሰና ተቀበሉን። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩን ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። አንዲት የምስጋና ቃል አልወጣቸውም። ቅር አለን፤ ቅሬታችንም ከፊታችን ላይ ሳይነበብ አልቀረም፤ ከነገሌ አብሮን የወረደው፣ ሶማሊኛ የሚያውቀው ካቴኪስት ጠጋ ብሎ፦ «አባ፣ አይቀየሟቸው፤ እኚህ ሰው ትናንት እንግዳን ወተት ሳያጠጡ ከደጃቸው የማያሳልፉ ነበሩ። መቀበልን ገና አልለመዱትም» አለን።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ የነሣን ነገር ይህ ነው፦ ከሁለታችን ትዕቢተኛው ማን ነበር? የሽማግሌው ዝምታ ከጠፋው ሀብት ሁሉ የተረፈች ጥቂት ክብር ናት። የእኛ ቅሬታ ግን ምስጋና የሚለምን ነበር። ምንጣፉንም ቢሆን የገዛነው እኛ አልነበርንም።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት «ኢጎ» የሚሉት ቃል በላቲን «እኔ» ማለት ብቻ ነው። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1923 ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ ሲያሳትም የተጠቀመው በሕፃናት አፍ ያለውን ተራ የጀርመንኛ «እኔ» ነበር፤ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ናቸው የላቲን ካባ ያለበሱት። እርሱም «እኔ»ን በፈረስ ላይ ከተቀመጠ ሰው ጋር ያመሳስለዋል፤ ፈረሱ ከጋላቢው ይልቅ ብርቱ ነው፤ ጋላቢውም አንዳንድ ጊዜ ፈረሱ የወሰደውን መንገድ ራሱ የመረጠው ያስመስላል። በፍሮይድ ትምህርት ሁሉ አንስማማም፤ ስለ ሃይማኖት የጻፈውን ከቶ አንቀበልም። በዚህ ግን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፦ ጋላቢው ቢወድቅ ፈረሱ ቅዱስ አይሆንም። «እኔ» የሌለው ሰው መታዘዝም፣ መውደድም፣ ንስሐ መግባትም አይችልም፤ «በደልሁ» የሚል ማን አለና?

የግእዙም ልማድ ይህንኑ ያስታውሰናል። ግእዝ «ራሴ» ለማለት «ርእስየ» ይላል፤ ይኸውም የአካል ራስ ነው። ራስ ጎንበስ ይላል እንጂ አይቆረጥም። ጌታችንም ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድን ሲያዝዝ አስቀድሞ የሚወደድ ራስ መኖሩን አስቦ ነው።

በአገራችን ለዚህ የምናቀርበው ምስክር ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ጎጃም ተወልደው በትምህርት የታወቁ መነኩሴ ነበሩ። በ1841 ከቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያኮቢስ ጋር ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ሮም ሲጓዙ ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት ያህል ነው። በዚያ ዕድሜ አንድ ሊቅ ሊጠብቀው የሚፈልገው ስሙን ነው። እርሳቸው ግን በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ በ1851 ደግሞ ከእርሳቸው በዕድሜ በሚያንሱት በአቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም በዚያው በዮስጢኖስ እጅ ቅስናን ተቀበሉ። ዝናቸውን መተዋቸው ግን «እኔ»ነታቸውን አላሳጣቸውም። እንዲያውም በእስር ሳሉ እምነታቸውን እንዲተዉ ሲጠየቁ እምቢ ያለው ያው «እኔ» ነው፤ በ1855 በእስራት እንዳሉ ዐረፉ። ጽኑ ማንነት ለሌለው ሰው እንዲህ ያለ እምቢታ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ዝናውን የሚጠብቀው «እኔ» አንድ፣ እግዚአብሔር በስሙ የሚጠራው «እኔ» ሌላ ነው። በዶሎ ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ ሲባሉ ስማቸውን ይተዋሉ፤ ውኃቸው ግን ይወርዳል።

ስለዚህ ካቴኪስቶቻችንን የምንለምነው፣ ራስን የመካድን ትምህርት ከማን እንደሚጀምሩ እንዲያስተውሉ ነው። በራሽን ካርድ ቁጥር የሚጠራን፣ ከማለዳ ጀምሮ በፀሐይ የተሰለፈን ሰው «ራስህን አዋርድ» ማለት የተራቆተን ልብስህን አውልቅ ማለት ነው። ማኅተም የያዘው፣ የስም ዝርዝር የሚያነበው፣ በጉባኤ የፊት ወንበር የሚዘጋጅለት ይቅደም። (ይህ የመጨረሻው ከማንም በፊት ካህናትን ይመለከታል።)

ወደዚያ መጠለያ ሦስተኛ ጊዜ በሄድን ጊዜ ሽማግሌው ከሩቅ አይተውን ሻይ ጠሩን። ካላቸው ላይ እንዳንቀንስ ብለን «ቸኩለናል» ልንል ስንል ካቴኪስቱ በክርኑ ጎሰም አደረገን። ገብተን ሰጥተናቸው በነበረው ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ሻዩ ስኳር በዝቶበት ነበር። እርሳቸውም እስከ ምሽት ድረስ ያለቁትን ግመሎቻቸውን አንድ በአንድ በየስማቸው እየጠሩ አወሩን።